ሜዳ ላይ የተገኘ ዕቃ ባለቤት የለውምን?

ቅዱስ ቁርኣን በምድር ላይ እንድንጓዝና ከእኛ በፊት የነበሩ ሕዝቦች ፍጻሜ ምን እንደነበረ እንድንመለከት በተለያዩ ሱራዎች ደጋግሞ ያዘናል። ትእዛዙ መጓዝንም መመልከትንም ይዟል። እኛ የከተማ ሰዎች ግን የመጀመሪያውን ብቻ ያነሳን ይመስላል። ክረምት ሲገባ ገበያ የቀዘቀዘበት ነጋዴና ትምህርት ቤት የተዘጋለት መምህር መኪና ተከራይተው ይወጣሉ። ሲመለሱ የሚያወሩት መንገዱ ስንት ሰዓት እንደፈጀና ሥጋው የት እንደሚጣፍጥ ነው። ያለፉባቸው ከተሞች እንዴት እንደተነሱና እንዴት እንደደከሙ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በ2011 ዓ.ም ሐምሌ ወር አምስት ጓደኛሞች ሆነን ወደ ምሥራቅ ተጉዘን ነበር። አንዱ የታሪክ መምህር ነው፤ አንዱ በመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል፤ አንዱ የግንባታ መሐንዲስ ነው፤ አንዱ መኪናውን የሚነዳው ጓደኛችን ሲሆን አምስተኛው እኔ ነኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስትና ከዚያ በላይ የሆኑ መንገደኞች ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ባስተማሩት መሠረት መምህሩን ሾምነው። በዚህም ተጠቀምን፤ ባይሾም ኖሮ የትም ሳንቆም ሐረር እንገባ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎት ስለ ጀመረው የአዲስ አበባ - አዳማ ፈጣን መንገድ የምለው ብዙ የለኝም። 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአጥር ተከልሎ ስለሚሄድ መንገደኛውን ከአስፋልት በቀር የሚያሳየው ነገር የለም። ከዚያ አዋሽን፣ መኢሶንና ጭሮን አልፈን ከደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ወረድን።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር መሆኑ የታወቀ ነው። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የባቡር ሥራውን ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ እንዲደርስ የታሰበው ሐረር ነበር። ተራራውን መውጣቱ እጅግ ውድ ሆኖ ስለተገኘ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተራራው ግርጌ ቆመ። እዚያ የተቆረቆረችው ከተማም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ለዘመናት በሐረር በኩል ወደ ዘይላ ይወርድ የነበረው የቅፍለት ንግድ ዋና መንገዱን ለቆ ነበር። የሚገርመው ድሬዳዋም በተራዋ ይኸው ደርሶባታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ያደረገው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። አሮጌው ጣቢያ፣ ከፊቱም በዛፍ ጥላ የተሸፈነው ከዚራ፣ እንደ ቀድሞው መንገደኛ አይጠብቁም።

ነጋዴው ጓደኛችን «እንግዲህ ከተማ ማለት መንገድ ነው፤ መንገዱ ሲሄድ ከተማውም ይሄዳል» አለ። መምህሩ መልስ አልሰጠውም። በማግስቱ ግን ሐርላ ወሰደን።

ሐርላ ከድሬዳዋ ብዙም ሳይርቅ የምትገኝ የገበሬዎች መንደር ናት። የአገሬው ሰው በዚያ ያለውን ትልልቅ የድንጋይ ፍርስራሽ የሠሩት ግዙፋን ሰዎች ናቸው ብሎ ያወራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በእንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራው ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ቦታውን ሲቆፍር የተገኘው ግን ከተረቱ የሚበልጥ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጂድ፣ የሙስሊም መቃብሮች፣ የጌጣጌጥ ሠሪዎች አውደ ጥናት፣ የመስታወት ዶቃ፣ ከማልዲቭና ከየመን ከቻይናም ሳይቀር የመጣ ዕቃ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የተመታ ሳንቲም ተገኝቷል። እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሰው ይኖርባት የነበረች የንግድ ከተማ ናት። ዛሬ በላይዋ ማሽላ ይዘራል።

ክርክራችን የተነሳው እዚህ ነው። ነጋዴው «ገበሬው ሲያርስ ሳንቲም ቢያገኝ የማን ነው? ሪካዝ አይደለምን? አንድ አምስተኛውን ዘካ አውጥቶ ቀሪውን ቢሸጥ ምን ይለዋል?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ብዙ ወንድሞችም እንዲሁ ያስባሉ። በኪታቦቻችን የሰፈረው ግን ሌላ ነው። በአገራችን በስፋት በሚሠራበት የሻፊዒይ መዝሀብ፣ በብዙኃኑ ፉቀሐእም ዘንድ፣ ሪካዝ የሚባለው ከእስልምና በፊት በጃሂሊያ ዘመን የተቀበረ ሀብት ነው። የእስልምና ምልክት ያለበት ከሆነ፣ ለምሳሌ በሙስሊም ሱልጣን ስም የተመታ ሳንቲም፣ እርሱ የጠፋ ዕቃ ማለትም ሉቀጣ ነው። የሉቀጣ ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ያገኘ ሰው ምልክቱን ይይዛል፣ አንድ ዓመት ያስነግራል፣ ባለቤቱ በመጣ ጊዜም ይመልሳል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስ ያገኘ ሰው ለመንግሥት እንዲያሳውቅ ደነገገ። ፊቅሁም አዋጁም በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ አግኝቶ ወደ ኪስ መክተት የለም።

«ከ600 ዓመት በኋላ የሚመጣ ባለቤት የት አለ?» የሚል ይኖራል። እኔ ባለቤቱ አለ ባይ ነኝ። የዚያ መስጂድ ሰጋጆች ወራሾች እኛ ነን። አንዲት ዶቃ ከአፈሩ ተለይታ ስትወጣ ከየት እንደመጣች፣ ከምን ጋር እንደተቀበረች የሚናገረው ማስረጃ ይጠፋል። «ሙስሊሙ በዚህ አገር እንግዳ ነው» ለሚሉን የምንመልሰው መልስ በሐርላ አፈር ውስጥ ተጽፎ ሳለ፣ ቃል በቃል እየነቀልን ብንሸጠው ማንን እንወቅሳለን?

ከሐርላ ወደ ሐረር ስንወጣ የነጋዴው አባባል አብሮን ነበር። መንገዱ ሐረርን ከተዋት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ታዲያ ለምን አልሞተችም? በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ዛሬም ቆሟል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጂዶችንና 102 መቃብራትን ቆጥሯል። (በመቃብራቱ ዙሪያ ያለውን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው።) በእኔ ግምት ሐረርን ያቆማት ግንቡ ብቻ አይደለም። ነጋዴዎቿ ከትርፋቸው ከንግዱ ጋር አብሮ በማይሄድ ነገር ላይ አውለዋል፤ በወቅፍ፣ በቁርኣን ትምህርት ቤት፣ ኪታብ በማስገልበጥ። ሐዘንና ሠርግ የሚወጣበት አፎቻ የተባለው ማኅበርም አለ። ያም ሆኖ ስጋቱ አልተወገደም። በ1999 ዓ.ም ቆጠራ ሐረሪዎች ከክልላቸው ነዋሪ 9 በመቶ እንኳ አልሞሉም፤ ብዙዎቹ የሚኖሩት አዲስ አበባና ውጭ አገር ነው። ባለቤቱ የሄደበት ቤት ውስጥ የቀረ ኪታብ በቀላሉ ገበያ ይወጣል።

ለዚህም ነው የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው የሚገኘው ሙዚየም የሚያስደስተው። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ለብዙ ዓመታት ከየቤቱ የሰበሰቧቸው በእጅ የተጻፉ ኪታቦች እዚያ ይገኛሉ፤ ተረስቶ የነበረው የኪታብ ጥረዛ ሙያም እንዲያንሰራራ ተደርጓል። በእንዲህ ያሉ ጥንታዊ ቅጂዎች ገጽ ላይ «ወቅፍ» የሚል ቃል ሰፍሮ መገኘቱ የተለመደ ነው። ወቅፍ ደግሞ አይሸጥም፣ አይሰጥም፣ አይወረስም። የሸጠውም የገዛውም ተጠያቂ ነው፤ ገዢው የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ቢሆንም እንኳ።

ነጋዴው ጓደኛችን ወሎ ውስጥ ከአያቱ የቀረ አንድ ሳጥን ኪታብ እንዳለ ያነሳልን ከሙዚየሙ ስንወጣ ነው። ሳጥኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው መቼ እንደሆነ አያውቅም፤ ምስጥ ይድረስበት አይድረስበትም እርግጠኛ አይደለም። መምህሩ ወዲያው ደብተሩን አውጥቶ የሚቀጥለውን ክረምት መንገድ መጻፍ ጀመረ፤ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ።