ሳኩራ ብለሽ ከመጥራትሽ በፊት

አትደብቂው፤ ከኋላሽ ቆሜ የልጅሽን ስም ዝርዝር አንብቤ ጨርሻለሁ። ሳኩራ፣ ዩኪ፣ አያ፣ ዮሺኮ፤ ለወንድ ኬንጂና ጂሮ፤ ከሁሉም በታች ደግሞ የባልሽ ምርጫ መሆኑ የሚያስታውቅ ኢታቺ። አልሳቅሁም። እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ። ግን የምርሽን እንደሆነ ዓይንሽ ይናገራልና የምር እናውራው። እማዬ ሰምታ «የሰው ስም አለቀ እንዴ?» ብላ ቤቱን ከማመሷ በፊት እኔና አንቺ ብንነጋገርበት ይሻላል።

ሲጀመር፣ የውጭ ስም ማውጣት ነውር ነው የሚልሽን አትስሚው። ባልሽ ቴዎድሮስ ነው የሚባለው፤ የግሪክ ስም ነው። ጊዮርጊስም ጴጥሮስም እስክንድርም ከዚያው የመጡ ናቸው። ዮሐንስና ዳዊት ከዕብራይስጥ፣ ዑመርና ፋጡማ ከዐረብኛ ገብተው ዛሬ ማንም ባዕድ አይላቸውም። እነሱ ግን በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በር፣ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ፣ ከነታሪካቸው ነው የገቡት። ያንቺዋ ሳኩራ በስልክሽ በኩል በአንድ ክረምት ከች አለች። እንግዲያው ከየት እንደመጣች፣ ዘመዶቿ እነማን እንደሆኑ ጠይቂ፤ ለቤት ሠራተኛ እንኳ ተያዥ ትጠይቂ የለ?

ከኢታቺ ልጀምርና ቶሎ እንገላገለው። ባልሽ ናሩቶ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን ስንት ጊዜ ደጋግሞ እንዳየ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ኢታቺ የሚባለው ገጸ ባሕሪ ጀግናም አሳዛኝም እንደሆነ ሳልጠይቀው አጫውቶኛል። ነገር ግን ኢታቺ በጃፓንኛ የእንስሳ ስም ነው፤ ሸለምጥማጥ የምትመስል፣ ዶሮ ቤት ገብታ የምትፈጅ ትንሽ አውሬ። ናሩቶም ቢሆን ሺኮኩ ደሴት ላይ ያለች፣ በባሕር አዙሪት የታወቀች ከተማ ናት፤ በዚያው ስም ደግሞ መሐሉ ላይ ሮዝ ጥምዝምዝ ያለበት፣ ተቆርጦ ኑድል ላይ ጣል የሚደረግ የዓሣ ምግብ አለ። የካርቱን ደራሲ ስም ሲያወጣ ገጸ ባሕሪው ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ እንደማያወጣ ያውቃል። ከፊልም የወደድሽው ስም ካለ፣ ጃፓኖች ራሳቸው ለልጃቸው የሚያወጡት መሆኑን አስቀድመሽ አጣሪ። ብዙው እዚያ ላይ ይወድቃል።

ጂሮንም ሰርዢው፤ ቢያንስ ለአሁኑ። ታሮና ኢቺሮ ለበኩር፣ ጂሮ ለሁለተኛ፣ ሳቡሮ ለሦስተኛ ወንድ ልጅ ይወጡ የነበሩ የቆዩ ስሞች ናቸው። የመጀመሪያ ልጅሽን ጂሮ ብትይው፣ ነገሩ የገባው ሰው «ታላቁስ የት አለ?» ብሎ ይጠይቅሻል። (እርግጥ ራሳቸውም ሁልጊዜ አይጠነቀቁለትም፤ ስመ ጥሩው የቤዝቦል ተጫዋች ኢቺሮ ሱዙኪ ለቤቱ ሁለተኛ ወንድ ልጅ ነው።) ዮሺኮም ቢሆን፣ በ«ኮ» የሚያልቁት የሴት ስሞች አንድ ዘመን አገሩን ሞልተውት ነበር፤ ዛሬ ለቶክዮ ወጣት ጆሮ ዮሺኮ ማለት ለኛ ዘነበች እንደማለት ነው። ዘነበች ብትያት እኔ ደስ ይለኛል። አንቺ ግን ዮሺኮን የጻፍሽው ዘመናዊ መስሎሽ ነው።

ሳኩራን እወዳታለሁ፤ ልዋሽሽ አልችልም። የቼሪ አበባ ናት፤ በጸደይ ለጥቂት ቀን ፈክታ የምትረግፍ። ጃፓኖችም በእርግጥ ሴት ልጆቻቸውን እንዲህ ብለው ይጠራሉ። ፊደላችንም አይቸገርባትም፤ እነሱም ድምፁን በሦስት ሆሄ ይጽፉታል፣ እኛም በሦስት። ችግሩ ያለው እማዬ አፍ ላይ ነው። መጀመሪያ ሳምንት እየተጠነቀቀች ሳኩራ ትላታለች። በሁለተኛው ስኳሬ ትሆናለች። አራስ ልትጠይቅ የመጣችው ጎረቤት «ስኳርዬ እንዴት አደረች?» ትላለች፤ እስከዚህ ድረስ ያምራል። ከዚያ ልጅቷ አንደኛ ክፍል ትገባለች። መምህሩ ስም ሲጠራ ከኋላ ወንበር አንዱ «ስኳር ጨመረ!» ይላል፤ ክፍሉ ይስቃል፤ በማግስቱ ሌላው «ስኳር በሽታ» ይላታል፤ በቃ፣ ስምንተኛ ክፍል እስክትደርስ ተሸክማው ትዞራለች። አያ ደግሞ የባሰች ናት። እዚያ ጥሩ የሴት ስም ናት፤ እዚህ ግን በር ላይ ቆመሽ «አያ!» ብለሽ ስትጣሪ የሰፈሩ ሕፃን በሙሉ «ጅቦ!» ብሎ ይጨርስልሻል።

ስለዚህ ስልክ እያየሽ አትወስኚ። በረንዳ ላይ ውጪና ልጅ ማታ ከጨዋታ እንደሚጠራ ጮክ ብለሽ ጥሪው። ቀጥለሽ በስስት፣ «ዬ» ጨምረሽበት። ቀጥለሽ በቁጣ፤ ይሄኛው ብዙ ያስፈልግሻል። ከዚያ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ በመስኮት አንገቷን አውጥታ እንደምትጣራው ከነአባትና ከነአያት አድርገሽ ሞክሪው፤ «ሳኩራ ቴዎድሮስ በላቸው!» ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞር ብሎ ያያል። አንቺ ሰው ሲያይሽ ደስ የሚልሽ ሰው ነሽ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ። ሰው የሚያየው ግን አንቺን ሳይሆን ልጅሽን ነው። ዓይነ አፋር ብትሆንስ? ቤቴልሔም የምትባል ልጅ ክፍል ውስጥ ሌሎች ሦስት ቤቴልሔሞች ስላሏት ስትፈልግ መሐላቸው ትደበቃለች፤ ሳኩራ የት ትደበቃለች?

ወንድ ከሆነ ጉዳዩ ከዚህም ይረዝማል። እኛ እንደ ጃፓኖች ከትውልድ ትውልድ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለንም። ዛሬ ለልጅሽ የምታወጪው ስም ነገ የልጆቹ የአባት ስም፣ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጆቹ የአያት ስም ይሆናል። ኬንጂ ብለሽ አንቺ ደስ ይበልሽ፤ አድጎ ልጅ ወልዶ ደስታ ቢላት፣ ልጅቷ ደስታ ኬንጂ ሆና ዕድሜዋን ሙሉ «አባትሽ ጃፓናዊ ናቸው?» እየተባለች ትኖራለች። አሜሪካ ያሉትን ዘመዶቻችንን አስቢ ደግሞ፤ እዚያ ከስም ቀጥሎ የተጻፈው የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀራል። የአንቺ የአንድ ክረምት ፍቅር የአንድ ሙሉ ዘር መጠሪያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በወቅቱ ፍቅር ስም ማውጣትን እኛ አልጀመርነውም። በአብዮቱ ዘመን ልጃቸውን ሌኒንና ካስትሮ ያሉ አባቶች ነበሩ፤ ያኔ ስሙ እንደ እሳት ይነድ ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሌኒን ሐውልት ተገንድሶ ሲወድቅ ስሙ ልጆቹ ላይ ቀረ። እነዚያ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ሥራ ቅጥር ላይ፣ ሽማግሌ በተላከበት ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ያልመረጡትን ፖለቲካ ያስረዳሉ። እኔ በአባቶቹ አልፈርድም፤ ያመኑበትን ነው ያወጡት። ካርቱን ግን ከአብዮትም ቶሎ ያረጃል።

«ድምፁ ደስ ስለሚለኝ ነው» ትይኛለሽ። ጃፓን እኮ ወላጅ ድምፁን መርጦ አያበቃም። ካንጂ ከሚባሉት፣ ከቻይና ከመጡት ምልክቶች ስሙ የሚጻፍበትን ይመርጣል፤ ዩኪ በአንዱ አጻጻፍ በረዶ፣ በሌላው ደስታ ነው። የምልክቱን ጭረት ቆጥረው የልጁን ዕድል የሚያዩም አሉ። መንግሥት ለስም የፈቀዳቸው ምልክቶች ወደ 3000 የሚጠጉ ሲሆኑ፣ ልጁ በተወለደ በ14 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በ1993 እ.ኤ.አ. ከቶክዮ ወጣ ብላ ባለችው አኪሺማ ከተማ አንድ ወላጅ ልጁን አኩማ፣ ማለትም ሰይጣን፣ ብሎ ሊያስመዘግብ ሄዶ ነገሩ ከማዘጋጃ ቤቱ አልፎ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ አገሩ ሁሉ ተከራከረበት፤ በመጨረሻ ለልጁ ሌላ ስም ወጣለት። እነሱም ዘንድ የሚያብለጨልጭ ስም የሚያሳድድ ወላጅ ስለበዛ፣ ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስሙ ንባብ ጭምር በቤተሰብ መዝገብ እንዲሰፍር ተደርጓል፤ ከምልክቱ ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ንባብም ተቀባይነት የለውም። አየሽ፣ ባለቤቶቹ ይህን ያህል ይጨነቁበታል። ልጅሽ አሥር ዓመት ሲሞላት «በጃፓንኛ ጽፈሽ አሳዪኝ» ትልሻለች። የትኛዋ ዩኪ እንደሆነች መልስ ይኑርሽ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፈልገሽ ዛሬውኑ አስጽፊና ቤት አስቀምጪው።

ምክንያት ያለው ስም ግን ሌላ ነው። ከጃፓን ጋር ያለን ትውውቅ የትናንት አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. እዚያ ድረስ ሄደው ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጽፈዋል። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቶክዮ ውስጥ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ አሸንፎ፣ ሌሎቹ ገና እየሮጡ እሱ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም አይቶታል። ባልሽ እዚያ ተምሮ ቢሆን፣ ልጅቷ እዚያ ብትወለድ፣ ያዋለደቻት ነርስ ስም ቢሆን፣ አፌን ዘግቼ እልል እልልሽ ነበር። አንዲት የማውቃት ሴት ባሏ ጃፓን ሲማር እዚያው ወልዳ ልጇን ሃሩ ብላታለች፤ ልጅቷ ስሟን ሲጠይቋት የተወለደችበትን ከተማ፣ በረዶውን፣ አባቷ በብስክሌት ሐኪም ቤት ያደረሳትን ሁሉ ታወራለች። ሰዉ ስሟን ረስቶ ታሪኩን ይሰማል። ያንቺ ልጅ «እናቴ ፊልም አይታ» ስትል ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል፤ አንቺ ራስሽ ከዚያ የረዘመ ነገር ካለሽ ንገሪኝ።

ከሌለሽም መላ አይጠፋም። ሃና የሚለውን ለምን ዝርዝርሽ ውስጥ አላስገባሽውም? እዚያ አበባ ማለት ነው፣ በየትምህርት ቤቱ ይጠሩበታል፤ እዚህ የነቢዩ ሳሙኤል እናት ናት፣ እማዬም ሳትንተባተብ ትጠራዋለች። ናኦሚም እንደዚሁ በሁለቱም አገር ትሄዳለች። ቶክዮ ብትሄድ እንግዳ አትሆን፣ ደብረ ብርሃን ብትሄድ እንግዳ አትሆን። ይሄ ሁሉ ቀርቶ ሳኩራ ካልሽም፣ የቤት ስም አድርጊያት። በኛ ቤት የአንድ ስም ልጅ ማን አለ? አማትሽ የራሷን ታወጣለች፣ እማዬ የራሷን፣ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ቄሱ ወለተ ማርያም ወይም ሌላ ይጨምሩላታል። አማትሽን ደግሞ አታስቀይሚ፤ የልጅ ልጅ ስም ማውጣት ድርሻዋ ነው ብላ ነው የምታምነው፣ ትጠብቅሻለችም። ከብዙዎቹ አንዱ መዝገብ ላይ የሚውል፣ ሌላው በፍቅር የሚጠራ ይሁን።

የሁለተኛውን ስም ነገር የማጠብቅብሽ በምክንያት ነው። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰለሞን እስራኤል ከገቡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ሕፃናት ትምህርት ቤት ሲገቡ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸው ነበር። አድገው ከነዚያ መሐል እናታቸው ወደጠራቻቸው ስም የተመለሱ አሉ። የነሱ ስም ተቀይሮባቸው ነው፣ ያንቺ ልጅ ግን ከእናቷ ነው የምትቀበለው፤ አንድ አይደለም። ሆኖም ያንቺም ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላት ሳኩራ መባል ይበቃኛል ልትል መብቷ ነው። የምትመለስበት ስም ይኑራት።

ከወሰንሽ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነው፣ ግን ሰው የሚዝረከረክበት እሱ ላይ ነው። የልደት ምዝገባው በ90 ቀን ውስጥ ነው። ወሳኝ ኩነት ስትሄጂ ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሂጂ፤ በቃል አትንገሪያቸው። ያልሰማችው ስም የመጣባት ጸሐፊ በመሰላት ትጽፈዋለች፤ የክትባት ካርዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ሠርተፍኬቱ ላይ ሌላ፣ ፓስፖርቱ ላይ ሦስተኛ ይሆንና፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ ኤምባሲ በር ላይ ሦስቱም አንድ ሰው መሆናቸውን አስረጂ ትባያለሽ። የፋይዳ መታወቂያ ስታወጪላትም ያንኑ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ለማስቀየር ፍርድ ቤት መመላለስ ነው፣ ከዚያ ያለውን ሰነድ ሁሉ እንደገና መከተል። ማኅተም ከማረፉ በፊት እያንዳንዷን ፊደል በጣትሽ እየነካሽ አንብቢ፣ ከኋላሽ ያለው ወረፋ ቢያጉረመርምም። ባልሽንም ብቻውን አትላኪው።