ችካሉ ምሰሶ ከመሆኑ በፊት፦ የከፍተኛ ኃይል መስመር በግጦሽ መሬቱ የሚያልፍበት ማኅበረሰብ መብቶች

ከሰመራ ወደ ጅቡቲ እንዲዘረጋ የታቀደውና የአፍሪካ ልማት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 የገንዘብ ድጋፍ ያጸደቀለት የ230 ኪሎ ቮልት መስመር፣ በድሬዳዋ በኩል ከሚያልፈው ቀጥሎ ሁለቱን አገሮች የሚያገናኝ ሁለተኛው መስመር ነው። እንዲህ ያለ መስመርም ሆነ ማከፋፈያ ጣቢያ (በተለምዶ ሰብስቴሽን የሚባለው) በሚያርፍበት ስፍራ የሚኖር ማኅበረሰብ የመስመሩን አቅጣጫ ቢቃወም፣ ተቃውሞው ልማትን እንደመጥላት ሊቆጠር አይገባም፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 43(2) እና በአንቀጽ 92(3) ሕዝብ በሚነኩት ፕሮጀክቶች ላይ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት ሰጥቶታልና።

ሰመራ በምትገኝበት በአፋር ምድር ይህ መብት የተለየ ክብደት አለው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የመስኖ እርሻዎች ሲስፋፉ፣ አርብቶ አደሩ በበጋ የሚሸሽበት የወንዝ ዳር ግጦሽ እየጠበበ ሄዷል። የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40(5) ግን አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ስለሚደነግግ፣ አጥር ያልተበጀለትና ካርታ ያልወጣለት የጎሳ ግጦሽ «ባዶ መሬት» ተብሎ ሊታለፍ አይችልም።

የሕግ ጥበቃው የሚጀምረው መሬቱ ከመነካቱ አስቀድሞ ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ ፕሮጀክቱ በሰውና በተፈጥሮ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አስቀድሞ የሚጠናበት ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና የተጎጂው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተትበት ያዝዛል። መስመሩ ከውኃ ጉድጓድ፣ ከመቃብር ወይም ከከብት መተላለፊያ እንዲርቅ ለመጠየቅ የሚሻለው ጊዜም ይህ ነው፤ ችካል መትከል ቀላል ነው፣ የቆመ ምሰሶ መንቀል ግን ከባድ ነው።

መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ማስለቀቅ ግድ ከሆነ፣ የይዞታ ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታዎች ከመነሳታቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲመክሩበት በመርህ ደረጃ ይጠይቃል። ካሳውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በመሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረት፣ ለምሳሌ ለቤት፣ ለጉድጓድና ለዛፍ የሚከፈል ሲሆን፣ ሌላው የልማት ተነሺ ካሳ የሚባለው፣ ከመሬቱ ይገኝ ለነበረው ጥቅም መቋረጥ የሚሰጥ ነው። በጋራ ይዞታ ላይ ስሌቱ የማኅበረሰቡን አጠቃቀም ወይም ያጣውን ጥቅምና መተዳደሪያ መሠረት ማድረግ አለበት። ከሽቦው ሥር ቤት መሥራትና ረጅም ዛፍ ማሳደግ ቢከለከልም ከብት ሊግጥ ይችላል፤ የማከፋፈያ ጣቢያ ግን መሬቱን አጥሮ ለዘለቄታው ስለሚይዝ፣ ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚለካ ግምት አቤቱታ ሊቀርብበት ይገባል።

በ2011ዱ አዋጅ መሠረት ቅሬታ ያለው ባለይዞታ የማስለቀቂያ ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ያመለክታል፤ ውሳኔው ካላረካው ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1336/2016 ስለተሻሻለና ካሳ የመክፈል ኃላፊነትም ወደ ክልሎች ስለተሸጋገረ፣ አመልካቹ ሁለቱን አዋጆች አጣምሮ ማንበብ ይኖርበታል።

አርብቶ አደሩን ለአደጋ የሚያጋልጠው ይህ የ30 ቀናት ቆጠራ ነው። መንጋውን ተከትሎ ለወራት የራቀ ሰው ሲመለስ በጉድጓዱ አጠገብ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎ፣ የአቤቱታው ጊዜም አልፎ ሊያገኝ ይችላል። በዳጉ፣ ማለትም አፋሮች ሲገናኙ ወሬ በሚለዋወጡበት ሥርዓት፣ ዜናው ቀድሞ ቢደርሰው እንኳ ዳጉ የጽሑፍ ማስታወቂያን አይተካም፤ የጎሳ መሪ በስብሰባ ላይ መገኘቱም የእያንዳንዱን ቤተሰብ ፈቃድ አያረጋግጥም። ስለዚህ ማኅበረሰቡ ከቦታው የማይርቁ ሰዎችን በጽሑፍ ውክልና መሾም፣ ጉድጓዱንና የከብት መንገዱን በፎቶግራፍና በምስክር አስቀድሞ መመዝገብ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባዔም ሳያነቡ አለመፈረም ይጠበቅበታል።

ፕሮጀክቱ በዓለም አቀፍ ብድር ወይም እርዳታ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሌላ በር አለ፤ የአፍሪካ ልማት ባንክም ሆነ የዓለም ባንክ የተጎጂ ማኅበረሰቦችን አቤቱታ የሚቀበል ገለልተኛ አካል አላቸው። በየትኛውም በር ቢገባ ግን አመልካቹ ያቀረበውን ወረቀት ቅጂ፣ ቀኑና የተቀባዩ ማኅተም ያረፈበትን፣ በእጁ ይዞ መውጣት አለበት፤ ጉዳዩ ዳኛ ፊት በሚደርስበት ቀን አቤቱታው በጊዜው መቅረቡን የሚመሰክርለት ይኸው ወረቀት ነውና።