የገበሬው ልጅ ባዶ እጅ

ካራቴ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሲኒማ ነው። ሰው ይዘላል፣ ይጮኻል፣ ጡብ ይሰብራል። በአቃቂ ቃሊቲም ልጆቻችን ሜዳ ላይ እግራቸውን ወደ ላይ እየወረወሩ ሲጫወቱ እናያለን። «ይሄ ደግሞ ምን ይጠቅማል?» እንላለን። እስቲ ዛሬ ብዙ ስላልተወራለት አንድ የካራቴ ዓይነት እንማር። ያስፋፋው ሰው እንደኛው የገበሬ ልጅ ነበረ። በኋላም እንደ ብዙ የአቃቂ ሰዎች የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ሆኗል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ማን ነበረ?

ካራቴ በጃፓንኛ «ባዶ እጅ» ማለት ነው። የተስፋፋው በጃፓን ደቡብ ካለችው ከኦኪናዋ ደሴት ተነሥቶ ነው። ካንቡን ኡዌቺ በ1877 በሰሜን ኦኪናዋ፣ ሞቶቡ በሚባል አገር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ1897 ባሕር ተሻግሮ በደቡብ ቻይና ወዳለችው ወደ ፉጆ ከተማ ሄደ። እዚያም ዡ ዚሄ ከሚባል መምህር ሥር ሆኖ ብዙ ዓመት ተማረ። ትምህርቱ «ፓንጋይኑን» ይባል ነበር፤ «ግማሹ ጠንካራ፣ ግማሹ ለስላሳ» ማለት ነው። በ1940 ስሙ ተለውጦ «ኡዌቺ ሪዩ» ተባለ፤ የኡዌቺ ስልት ማለት ነው።

መጀመሪያ መቆም

በዚህ ስልት የመጀመሪያው ትምህርት መምታት አይደለም፤ መቆም ነው። መልመጃው «ሳንቺን» ይባላል፤ «ሦስት ውጊያ» ማለት ነው። ብዙዎች «አካልን፣ ትንፋሽንና ሐሳብን መግዛት ነው» ብለው ይፈቱታል።

ተማሪው እግሮቹን በትከሻው ስፋት ይከፍታል። አንዱን እግር ጥቂት ያስቀድማል፤ ጉልበቱንም ትንሽ ያጥፋል። ክርኑን ወደ ጎድኑ ያስጠጋል፤ በመካከሉ የአንድ ጭብጥ ያህል ቦታ ይተዋል። መዳፉ የተዘረጋ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ጣቱን ወደ ፊት ይሰድዳል፣ ይመልሳል፣ ይዞራል። መምህሩ ትከሻውንና ጭኑን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ይፈትነዋል።

እኛ ገበሬዎች ይሄን እናውቀዋለን እኮ! በጥቁር አፈር ላይ እርፍ ጨብጦ የሚሄድ ሰው አጥብቆ ካልረገጠ በሬዎቹ ይጎትቱታል።

መመከትና መምታት

ጡጫ ሲመጣ ተማሪው ፊት ለፊት አይጋፋውም። የተዘረጋ መዳፉን እንደ ቀለበት አዙሮ ወደ ጎን ያሳልፈዋል። በክረምት የአቃቂ ወንዝ ሲሞላ ጎርፉን በደረታችን አንገታውም፤ ቦይ ቆፍረን እናዞረዋለን። ነገሩ እንደዚያው ነው።

ሲመታም በጡጫ ብቻ አይደለም። የሌባ ጣቱን አንጓ ወጣ አድርጎ በአውራ ጣቱ ይደግፈዋል፤ በዚያ ይመታል። በጣቶቹ ጫፍና በእግሩ ጣቶች ጫፍም ይመታል። ለምን? ወስፌ ቆዳ የሚበሳው ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ነው። ኃይል በትንሽ ቦታ ላይ ሲያርፍ ይጠልቃል።

ሰውነትን ማጠንከር

እንዲህ ያለ ጣት በአንድ ቀን አይገኝም። ተማሪው ባዶ ማሰሮ በአፉ በኩል በጣቶቹ ጫፍ ይዞ ያነሣል፤ ይዞትም ይራመዳል። ሲለምድ ማሰሮው ውስጥ ጥቂት አሸዋ ይጨመራል፤ ሲለምድ ደግሞ ሌላ። እኛም በባዶ ማሰሮ ሞክረነው ነበር። ከጥቂት እርምጃ በኋላ ጣታችን ተንቀጠቀጠ!

ክንድም የሚጠነክረው እንዲሁ ነው። ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ቆመው ክንድ ለክንድ በተራ ያጋጫሉ። መጀመሪያ በቀስታ ነው፤ ኃይሉ የሚጨመረው በወራትና በዓመታት ነው። ዛሬ ጀምሮ ዛሬውኑ አጥንቱን የሚደበድብ ሰው ይጎዳል እንጂ አይጠነክርም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ልጆቻችሁ ይሄን ያለ አስተማሪ እንዳይሞክሩ ንገሯቸው።

የዝምታው ዓመታት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ተማሪዎቹ ሲተርኩ እንደኖሩት፣ ካንቡን በቻይና ሳለ ራሱ ማስተማር ጀምሮ ነበር። አንድ ተማሪው ከጎረቤቱ ጋር በመሬት ተጣላ። በተማረውም እጅ መታውና ገደለው። ካንቡን «ያስተማርኩት እኔ ነኝ» ብሎ አዘነ። ከእንግዲህ አላስተምርም ብሎ በ1910 ገደማ ወደ አገሩ ተመለሰ። እርሻውንም ያዘ።

በ1924 ሥራ ፍለጋ ወደ ዋካያማ ሄዶ በጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚያ ሪዩዩ ቶሞዮሴ የሚባል ያገሩ ልጅ «አስተምረኝ» እያለ ወተወተው። ካንቡን ከብዙ ልመና በኋላ እሺ አለ። ካገሩ ከገባ አሥራ አምስት ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ካንቡን በ1948 ሞተ። ልጁ ካንኤ እስከ ሞተበት እስከ 1991 ድረስ ትምህርቱን አስፋፋ። አባቱ ባስተማራቸው ሦስት ዋና መልመጃዎች ላይ አምስት ተጨምረው ስምንት ሆኑ።

ምን እንማራለን?

የድንበር ጠብ በኛም አገር አለ። አንድ ክንድ በማይሞላ መሬት ሰው ሞቷል፤ ልጆች ያለ አባት ቀርተዋል። ጠንካራ እጅ ድንበር አይለካም። ድንበር የሚለካው በገመድ፣ በሽማግሌ ፊትና በጽሑፍ ነው። ዛሬ ማንበብና መጻፍ ስለምንችል የተስማማንበትን ወረቀት ላይ እናስፍር። ካንቡን ጠንካራ እጅ ነበረው፤ የከበደው ግን ያ እጅ በሌላ ሰው ቁጣ የሠራው ነው። እጃችንን ከማጠንከራችን በፊት ቁጣችንን መያዝ እንልመድ።

ጥያቄዎች

1. «ሳንቺን» ማለት ምን ማለት ነው?
2. ማሰሮው ውስጥ አሸዋ የሚጨመረው ለምን በጥቂት በጥቂቱ ሆነ?
3. ካንቡን ማስተማር ያቆመው ለምንድን ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
4. በቀበሌያችሁ የድንበር ጠብ ሲነሣ እንዴት ይፈታል? በአምስት መስመር ጻፉ።