የሩሲያኛው «ነው» ያለው ድምፅ ውስጥ ነው

ሩሲያኛ ተምረው በአስጎብኚነት ወይም በአስተርጓሚነት የሚሠሩ ባልደረቦቼ ቃላት አያጥራቸውም። የሚያስቸግራቸው ጥያቄ መጠየቅ ነው። በአማርኛ «ነገ ይመጣሉ?» ስንል ድምፃችንን መጨረሻ ላይ እናነሣለን። ቀኑን ለይተን ለማወቅ ስንፈልግ ደግሞ «ነገ ነው የሚመጡት?» እንላለን፤ «ነው» ሥራውን ይሠራልናል። ሩሲያኛ ይህን ሁሉ ለዜማ ትቶታል።

«ቪ ፕሪዬዲቴ ዛፍትራ?» የሚለውን እንውሰድ። አንድም ቃል ሳይነካ፣ ድምፁ «ዬ» ላይ ድንገት ወጥቶ ከወረደ የተጠየቀው መምጣት አለመምጣታቸው ነው። «ዛ» ላይ ከወጣ የተጠየቀው ቀኑ ነው። ከወጣ በኋላ ይወርድና እስከ መጨረሻው ዝቅ እንዳለ ይቆያል። በአማርኛ ልማድ «ትራ» ላይ ካነሣነው ግን እንግዳው የትኛውን እንደጠየቅነው ሊገምት ነው። መኪና የምንልከው ደግሞ በሰጠን መልስ ነው።

የሞስኮ ዩኒቨርሲቲዋ ምሁር ዬሌና ብሪዝጉኖቫ የሩሲያኛን ዜማ በ7 ከፍለውታል፤ የመማሪያ መጻሕፍት «ኢካ» እያሉ በቁጥር ይጠሯቸዋል። ከላይ ያየነው 3ኛው ነው። ለሥራ ሰው ከሁሉም በፊት ይህን መያዝ ይበጃል እላለሁ፤ ትሕትናም ያለው እዚያው ነውና። «ዳይቴ ፓስፖርት፣ ፓዣልስታ» በ3ኛው ዜማ ሲባል ልመና ነው። ቁልቁል በሚመታው በ2ኛው ከተባለ «ፓዣልስታ» እያለበትም ትእዛዝ ይመስላል።

«ግዴ»ና «ካክ» ያለባቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፤ የጥያቄው ቃል ራሱ ስላለ ድምፁ ወደ መጨረሻው ይወርዳል።

ሌላው የርዝመት ነገር ነው። እኛ ገናን ከገና የምንለየው «ና»ን አጥብቀን ወይም አላልተን ነው፤ ጆሯችን የለመደው ተነባቢውን መለካት ነው። በሩሲያኛ የሚረዝመው አጽንዖት ያረፈበት አናባቢ ነው፤ ሌሎቹ ይኮማተራሉ። «ሆሮሾ» ተብሎ የተጻፈው «ኸራሾ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያዋ አናባቢ ልትዋጥ ምንም አይቀራት። ጎንደር ላይ ለሚያስጎበኝ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፦ «ዛ» ስትረዝም «ዛማክ» ግንብ ነው፣ «ሞ» ስትረዝም «ዛሞክ» ጓጉንቸር።

በየቀኑ የምትጠይቋቸውን ዐሥር ጥያቄዎች ጻፉና በእያንዳንዱ ላይ ድምፁ የሚወጣባትን አንዲት አናባቢ አስምሩባት። መጀመሪያ ቃሉን ብቻውን በሉት፦ «ፕሪዬዲቴ?» ሲስተካከል «ዛፍትራ»ን በዝቅተኛው ድምፅ አስከትሉ። በስልካችሁ ቀድታችሁ ስሙት፤ ጫፉ ላይ ድምፃችሁ ተመልሶ ከወጣ፣ ያ አማርኛው ነው፤ እንደገና ከ«ፕሪዬዲቴ?» ጀምሩ።