ጨለማ አኒሜ ከመጀመርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

«አታክ ኦን ታይታን»ን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት ሰው ገና ተደላድሎ ሳይቀመጥ የሚገጥመው ትዕይንት አለ። ከተማዋን የሚጠብቀው 50 ሜትር ቁመት ያለው ግንብ በሩ ይሰበርና ሰው በል ግዙፎች ይገባሉ። ኤረን የሚባለው ልጅ ወደ ቤቱ ሲሮጥ እናቱን ከፈረሰው ቤት ሥር ተይዛ ያገኛታል። ቤተሰቡን የሚያውቅ ሃነስ የተባለ ወታደር ግዙፉን ገድዬ ሁላችሁንም አድናለሁ ብሎ ሰይፉን መዝዞ ይሮጣል። ፊት ለፊት ሲያየው ግን ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ሰይፉን ይመልስና ኤረንንና አብራው የምታድገውን ሚካሳን ተሸክሞ ይሸሻል። እናትየዋ ልጆቿ እየራቁ ሲሄዱ፣ አትሂዱብኝ የሚለው ቃል እንዳያመልጣት በእጇ አፏን ታፍናለች።

እዚህ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የቀጠለ ተመልካች አለ፤ ዘግቶ የተኛና ዳግም ያልተመለሰም አለ። ሁለቱንም አልወቅስም። እኔ ከቀጠሉት ነኝ፤ እንዲህ ያሉ አኒሜዎችን ለዓመታት ተከታትያለሁ፣ እወዳቸዋለሁም። ስለምወዳቸው ነው ለማንም ሰው ዝም ብዬ «እየው» የማልለው። ከመወሰንዎ በፊት የሚከተሉትን ያጣሩ።

ካርቱን ስለሆነ ለልጅ ይሆናል ብለው አያስቡ

በብዙ ቤት የተሳለ ነገር ሁሉ የልጆች ነው። ትልቁ ልጅ ሳሎን ውስጥ የከፈተውን ትንሹም ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አብሮ ያያል፤ እናትም ካርቱን እያዩ ነው ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ጃፓን ውስጥ ግን አብዛኞቹ እነዚህ ተከታታዮች በቴሌቪዥን የሚተላለፉት ሌሊት፣ ልጆች በተኙበት ሰዓት ነው። በ2013 የወጣው የ«አታክ ኦን ታይታን» የመጀመሪያ ሲዝንም የታየው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር።

«ሾነን» የሚለው መለያም አያታልልዎ። የሚነግርዎ ታሪኩ ለታዳጊ ወንዶች በሚታተም መጽሔት ላይ መውጣቱን ብቻ ነው። ሃጂሜ ኢሳያማ በ2009 መሳል የጀመረው ያ ሁሉ ሰው የሚበላበት ታሪክ የወጣው በሾነን መጽሔት ላይ ነው። «ቪንላንድ ሳጋ»ም በ2005 የተጀመረው በሾነን መጽሔት ሆኖ፣ በኋላ አዋቂዎች ወደሚያነቡት መጽሔት ተዛወረ። ስለዚህ በመለያው ሳይሆን የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ራስዎ ቀድመው በማየት ይወስኑ። ታናናሾች ያሉበት ቤት ከሆነ በስልክዎ፣ በማዳመጫ ይመልከቱ።

የፈሰሰው ደም የሚጠይቀው አለ ወይ?

ከሁሉም በላይ ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው። ስንት ሰው ሞተ የሚለው ብዙም አይነግረኝም። እኔ የማየው ታሪኩ ሟቹን ማስታወሱን ነው፤ ገዳዩ ያደረገውን ይዞት መኖሩን ወይም በሚቀጥለው ክፍል ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ መምጣቱን ነው።

የማኮቶ ዩኪሙራን «ቪንላንድ ሳጋ» ልውሰድ። ጊዜው የ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ዴንማርኮች እንግሊዝን የሚወሩበት ዘመን ነው። ቶርፊን የሚባለው የአይስላንድ ልጅ አባቱን የገደለውን አስኬላድን ለመበቀል ከራሱ ከአስኬላድ ጭፍራ ጋር እየዞረ ያድጋል። ፍልሚያው ዓይን አያስነቅልም፤ በ2019 የመጀመሪያው ሲዝን ሲወጣ ብዙ ሰው የወደደውም ለፍልሚያው ነበር። ከዚያ ክረምት ይገባና ጭፍራው ስንቅ ያልቅበታል። አንድ የእንግሊዝ መንደር ይደርሳሉ። አን የምትባል ልጅ ከገበያ የሰረቀችውን ቀለበት ዛፍ ውስጥ ደብቃ ኖሮ፣ በጨለማ ተደብቃ ልታየው ከቤት ወጥታለች። በዚያ ቀለበት ምክንያት ሲኦል እገባለሁ ብላ የምትሰጋ ልጅ ናት። ከቆመችበት ሆና ስታይ ቤተሰቧና ጎረቤቶቿ በሙሉ ያልቃሉ። ገዳዮቹ እኛ ለብዙ ክፍሎች ስናደንቃቸውና በቀልዳቸው ስንስቅ የቆየናቸው ሰዎች ናቸው። ያን ክፍል ካየሁ በኋላ የአስኬላድን ጭፍራ በቀድሞው ዓይን ማየት አልቻልኩም። ደራሲው የፈለገውም ይህንኑ ይመስለኛል።

በ2023 የመጣው ሁለተኛው ሲዝን ደግሞ ሰይፉን ጨርሶ ያስቀምጠዋል። ቶርፊን በዴንማርክ በአንድ ባለጸጋ እርሻ ላይ ባሪያ ሆኗል። ኤይናር ከሚባል ሌላ ባሪያ ጋር ጫካ ይመነጥራሉ፣ ጉቶ ይነቅላሉ፣ የሚያርሱበት ፈረስ ከሽማግሌ ይለምናሉ፣ ስንዴ ይዘራሉ። ነጻነታቸውን የሚገዙት ከዚያ መሬት በሚያገኙት ምርት ነው። ለፍልሚያ ብቻ የመጣ ተመልካች ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይተወዋል። እኔ ግን ካየኋቸው አኒሜዎች ሁሉ ይህን ሲዝን አስበልጣለሁ። ጉቶው ከመሬት ሲላቀቅ የሁለቱ ሰዎች ፊት የሚያበራውን ያህል የትኛውም የሰይፍ ትዕይንት አላስደሰተኝም፤ ምንጣሮ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የገበሬ ልጅ ደግሞ ከእኔ በተሻለ ይረዳዋል። ቶርፊን ሌሊት በሕልሙ እየጮኸ ይነቃል። በአንደኛው ሕልም የገደላቸው ሰዎች ተጠምጥመው ይይዙታል፤ ጥሏቸው መሄድ እንደማይችልም ይገባዋል። በመጀመሪያው ሲዝን እያጨበጨብን ያየነው ግድያ ሁሉ እዚህ ይጠየቅበታል።

«ዲመን ስሌየር»ም ቀለል ባለ መንገድ ይህንኑ ያደርጋል። ባለታሪኩ ታንጂሮ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ብዙ እጅ ያለውን ጭራቅ አንገቱን ይቀላዋል፤ ያ ጭራቅ እየከሰመ ሳለ ግን የዘረጋውን እጅ ይይዝለታል። ይህ ጭራቅ ብዙ ልጆችን የበላ ነው፤ ታንጂሮ ያንን ያውቃል፣ ግን ይይዘዋል። በ2020 የወጣው የዚሁ ታሪክ ፊልም በጃፓን ሲኒማ ቤቶች በገቢ የአገሪቱን ክብረ ወሰን የሰበረው በሥዕሉ ውበት ብቻ አይመስለኝም።

በአንጻሩ ሰው የሚበጣጠሰው ተመልካች እንዲደነግጥ ብቻ የሆነባቸው ሥራዎች አሉ። ጥቂት ክፍሎች አይተው የሞቱትን ሰዎች ስም ማስታወስ ካቃተዎ፣ ታሪኩም አያስታውሳቸውምና ቢተዉት ብዙ አይቀርብዎትም።

ጨለማውን ዓይነት በዓይነት ይለዩት

ደም የማይከብደው ሰው ሌላ ነገር ሊከብደው ይችላል። በ2006 የጀመረው ባለ 37 ክፍሉ «ዴዝ ኖት» ደም እምብዛም አያሳይም። አንድ ጎበዝ ተማሪ ስሙ የተጻፈበትን ሰው ሁሉ የሚገድል ደብተር ያገኛል፤ ወንጀለኞችን መግደልም ይጀምራል። የሚያስፈራው፣ እርስዎም በመጀመሪያ «እውነቱን ነው» ማለትዎ ነው።

በ2018 ማሳኪ ዩዋሳ የሠራው «ዴቪልማን ክራይቤቢ» 10 ክፍል ብቻ ነው፤ ወሲቡም ግፉም ያለ መጋረጃ የቀረበ ስለሆነ ከቤተሰብ ጋር የሚታይ አይደለም። ፍጻሜውም ተስፋ አያስተርፍም። «በርሰርክ» ውስጥ ከባድ ወሲባዊ ጥቃት አለ፤ ይህንን ሳይናገር የሚጋብዝዎ ሰው አላሰበልዎትም። «ፉልሜታል አልኬሚስት፦ ብራዘርሁድ» ከእነዚህ ሁሉ ለስላሳው ቢሆንም፣ አራተኛው ክፍል ላይ አንድ አባትና ትንሽ ልጁ አሉ። ልጅ ያለዎት ከሆነ ያንን ክፍል ማታ ሊተኙ ሲሉ አይክፈቱት።

ታሪኩ አልቋል ወይ?

«አታክ ኦን ታይታን» በ2013 ተጀምሮ የተቋጨው በኅዳር 2023 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሲዝን መካከል አራት ዓመት ጠብቀናል። መሐል ላይም ሥራው ከዊት ስቱዲዮ ወደ ማፓ ተዛውሮ የሥዕሉ መልክ ተቀይሯል። ዛሬ የሚጀምር ሰው ይህ ሁሉ አይነካውም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሰድሮ ይጠብቀዋል። እኔ ብሆን ይህን ዕድል ተጠቅሜ ስለ ፍጻሜው ምንም ሳላነብ እጀምረው ነበር። አራተኛው ሲዝን ሲከፈት ግራ ይጋባሉ፤ የሚያዩት አገርም ሰዎችም አዲስ ናቸው። ክፍል ዘለልኩ መሰለኝ ብለው ወደ ኋላ አይመለሱ፣ ይታገሡት።

«በርሰርክ» ሌላ ነው። ኬንታሮ ሚዩራ በ1989 የጀመረውን ማንጋ (የሥዕል ታሪክ) ሳይጨርስ በግንቦት 2021፣ በ54 ዓመቱ አረፈ። ከ2022 ጀምሮ አብረውት ይሥሉ የነበሩት ባለሙያዎች፣ ታሪኩን ከአንደበቱ በሰማው ወዳጁ በኮጂ ሞሪ መሪነት እየቀጠሉት ነው። የ1997ቱ ባለ 25 ክፍል አኒሜ ደግሞ የሚቆመው በታሪኩ እጅግ አስከፊ ቦታ ላይ ነው፤ ከዚያ ማን እንዴት እንደተረፈ አያሳይዎትም። ይህን አስቀድመው ካወቁ አይናደዱም።

«ቶኪዮ ጉል»ን በተመለከተ ማንጋውን ያንብቡ። በ2014 የወጣው የመጀመሪያው ሲዝን መልካም ነው፤ ሁለተኛው ከማንጋው መንገድ ወጣ፣ በ2018 የመጣው ቀሪውም ብዙ መጽሐፍ ባጭሩ ጠቅልሎ የሮጠ ነው።

ቅጂውንና ቋንቋውን ያረጋግጡ

ለቴሌቪዥን የተዘጋጀው ቅጂና በኋላ በዲስክ የሚወጣው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። «ቶኪዮ ጉል» በቴሌቪዥን ሲታይ ደም ያለባቸው ቦታዎች ጠቁረው ወይም ቀለማቸው ተገልብጦ ስለነበር ምን እየሆነ እንዳለ ለማየት ያስቸግር ነበር። በቴሌግራም ወይም በፍላሽ የደረሰዎ ፋይል የትኛው እንደሆነ ይዩ። «ፉልሜታል»ም ሁለት ነው፦ በ2003 የወጣው ማንጋው ሳያልቅ ስለተሠራ የራሱን ፍጻሜ ፈጠረ፤ በ2009 የጀመረው «ብራዘርሁድ» የሂሮሙ አራካዋን ማንጋ እስከ መጨረሻው ይከተላል።

ቋንቋ ላይ ብዙ አልልም። ጃፓንኛውን ከእንግሊዝኛ ሰብታይትል ጋር እመርጣለሁ፤ የኤረን ድምፅ የሆነው ዩኪ ካጂ ሲጮህ መስማት ሌላ ነገር ነው። ማንበብ የሚያደክምዎ ከሆነ በእንግሊዝኛ የተቀዳውንም ያለ ሐሳብ ይመልከቱ።

አሁን እርስዎ በምን ሁኔታ ላይ ነዎት?

ከሕዝብ ጋር እየሸሸ ልጁ የጠፋበት ሰው፣ መንደሩ ሲቃጠል ያየ፣ ወንድሙን በጦርነት ያጣ በመካከላችን ብዙ ነው። እነዚህ አኒሜዎች ይህንኑ ነው የሚያሳዩት፤ ያውም በሙዚቃና በሥዕል አጉልተው። «ብራዘርሁድ» ውስጥ የኢሽቫል ጭፍጨፋ አለ፤ መንግሥት በራሱ ሕዝብ ላይ የፈጸመው ነው፣ የፈጸሙት ወታደሮችም የታሪኩ ወዳጆቻችን ናቸው። እንዲህ ያለውን ማየት ለአንዱ ሰው ውስጡ የተቋጠረውን ይፈታለታል፤ ሌላውን እንቅልፍ ይነሣዋል። አንድ የምወደው ጓደኛዬ «አታክ ኦን ታይታን»ን የመጀመሪያው ክፍል ላይ አቁሞ፣ ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ አለኝ። ቀጥል አላልኩትም። እርስዎም ለሐዘንተኛ ሰው አኒሜ ሲጋብዙ ይህን ያስቡበት። ራስዎም ልብዎ ደህና ባልሆነበት ሰሞን ከሆኑ ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

ሲጀምሩም በላይ በላዩ አያግበስብሱት። ከባድ ክፍል ካዩ በኋላ የሚያወሩት ሰው ይኑርዎ፤ እኔን ከእነዚህ ታሪኮች ጋር ያቆራኘኝ ግማሹ ነገር ከጓደኞቼ ጋር ያደረግኩት ክርክር ነው። ሃነስ መሸሹ ትክክል ነበር ወይ በሚለው ዛሬም አንስማማም።

ከየት ልጀምር ካሉኝ

ከ«ፉልሜታል አልኬሚስት፦ ብራዘርሁድ» ይጀምሩ። 64 ክፍል ነው፣ ተጠናቋል፣ ጨለማው ውስጥም ሳቅና ቤተሰብ አለ። ከወደዱት ወደ «ቪንላንድ ሳጋ» ይለፉ፤ ሁለተኛውን ሲዝንም ሳይቸኩሉ ይመልከቱ። «አታክ ኦን ታይታን» ሦስተኛ ይሁን። «በርሰርክ»ን ግን እነዚህን ሳያዩ አይንኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰውም በስጦታ አይላኩት።