ለሚታክተው ሰው የተጻፈ ደብዳቤ

ንባብ፦ ገላትያ 6፥1-10

በቁጥር 9 ላይ ጳውሎስ መልካም መሥራት እንዳይታክተን ይመክረናል። የማይሠራ ሰው እኮ አይታክተውም፤ ምክሩ ለሚሠራው ነው።

ይህንኑ ቃል አንድ ሽማግሌ በደብዳቤ ጽፎታል። ጆን ዌስሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሰባኪ ነው፣ ዕድሜው 87። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1791 ነበር። የጻፈው ለዊልያም ዊልበርፎርስ ነው፤ እሱ የፓርላማ አባል ሆኖ የባሪያ ንግድ በሕግ እንዲቀር የሚታገል ሰው ነው። ከንግዱ የሚበሉ ሀብታሞች ተነሥተውበታል።

ዌስሊ አላባበለውም። እግዚአብሔር እንደ አትናቴዎስ ዓለምን እንድትቋቋም ካላስነሣህ የሰውና የአጋንንት ተቃውሞ ይጨርስሃል፣ እሱ ካንተ ጋር ከሆነ ግን ማን ይችልሃል አለው። (አትናቴዎስን እናውቀዋለን፤ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ነው። እሱም አምስት ጊዜ ተሰዷል!)

ያን ቀን ጠዋት ዌስሊ አንድ አፍሪካዊ የጻፈውን ሲያነብ ነበር። እዚያ ውስጥ ልቡን የነካው ነገር ይህ ነው፦ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ጥቁር ሰው በነጭ ላይ ቢምል መሐላው አይቆጠርም። ቃሉ የማይቆጠርለት ሰው ምን እንደሚሰማው እዚህ ካምፕ ውስጥ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያ አፍሪካዊ ግን ጻፈ፤ ሽማግሌው አነበበና ለሌላው ጻፈ።

ዌስሊ በ6 ቀኑ ዐረፈ። በኤፕሪል ፓርላማው ድምፅ ሰጠ፤ 88 ደገፉ፣ 163 ተቃወሙ። ተሸነፉ ማለት ነው። እኛ ምስክርነት ስንሰማ የለመድነው "ጸለይኩ፣ ወዲያው ሆነልኝ" የሚለውን ነው። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። ንግዱ የተከለከለው በ1807 ነው፣ ከ16 ዓመት በኋላ። ባሮቹን ነፃ የሚያወጣው ሕግ ደግሞ እስከ 1833 ቆየ፤ ዊልበርፎርስ ሕጉ እንደሚያልፍ መረጋገጡን ሰምቶ በ3 ቀኑ ሞተ። ጳውሎስ "በጊዜው" ሲል ታዲያ የማንን ጊዜ ነው?

በዚህ ሳምንት በቤት ኅብረት ቁጥር 2ን ከቁጥር 5 ጋር አንብባችሁ ተወያዩ፤ የትኛው ሸክም የራስ ነው፣ የትኛውስ የጋራ? በዞናችሁ ታክቶት ከአገልግሎት የቀረ አለ? የልጆች አስተማሪዋ፣ በሽተኛ የሚጠይቀው ወንድም? ስሙን ጠርታችሁ ጻፉለት። ወረቀት ከጠፋ በስልክ ድምፃችሁን ላኩለት።