አለርጂ የሚያስነሱ ምግቦችን ለሕፃናት ስለማስጀመር

በድርቅ ጊዜ ለሕፃናት የሚታደል ምግብ አለርጂ ሊያስነሱ የሚችሉ ነገሮችን የያዘ ነው። በኢትዮጵያና በስዊድን የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተወጠነው ፋፋ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት ሲኖረው፣ ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒ ነት ደግሞ ኦቾሎኒና ወተት አለበት። የአቃቂ ቃሊቲ እናትም ለልጅዋ ብስኩት ስታቀምስ ስንዴ ማስጀመሯ ነው። ስለዚህ የዕደላ ሠራተኛው ጉዳዩን ማወቅ ይገባዋል።

ቀድሞ በብዙ አገሮች እነዚህን ምግቦች ማዘግየት ይመከር ነበር። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የለንደን ጥናት ግን ለአለርጂ በተጋለጡ 640 ሕፃናት ላይ ተካሂዶ፣ ኦቾሎኒ በጊዜ የጀመሩት ከተከለከሉት ይልቅ አለርጂው ከ80 በመቶ በላይ ቀንሶ ታይቶባቸዋል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይሰጥ፤ ከዚያም ጡት ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀመር።

2ኛ/ አዲስ ምግብ አንድ በአንድ፣ በማንኪያ ጫፍ፣ ሕፃኑ ጤነኛ በሆነበት ቀን ይቅመስ። እንቁላል በሚገባ ይቀቀል። ኦቾሎኒ ልሞ በገንፎ ይቀላቀል፤ ፍሬው እንዳለ ከተሰጠ ያንቃል።

3ኛ/ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም ትውከት ከታየ ምግቡ ይቁም። ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

4ኛ/ ከባድ የቆዳ ችፌ ያለበት ሕፃን አስቀድሞ በጤና ባለሙያ ይታይ።

የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያሉትን ለጾም አያስገድድም። እንግዲህ እንቁላልና ወተት በፍርሃትም ሆነ በጾም ምክንያት ለሕፃን ቢከለከሉ፣ በረሀብ ዘመን የሚጎዳው ያው ሕፃን መሆኑን ለወላጆች ማስረዳት የሁላችንም ተግባር ነው።